የማህደር የመጀመሪያ ጥርስ

አስካለ የልጇን ፊት ስታጥብ ነው ከታች በኩል አንዲት ጥርስ መውለቋን ያየችው።

«ውይ ማህደርዬ! መቼ ወለቀች? አምጪያት፣ ቆርቆሮው ላይ እንወርውራት።»

«ከትናንት ወዲያ። እትዬ ብርቄ በሷ ቤት ጣሪያ ላይ ወረወረችልኝ።»

እትዬ ብርቄ ከቴሌቪዥን እንጂ ከሰው አልተወለደችም። ሕፃን ሁሉ ሁለት ዓመት ሲሞላው የራሱ እትዬ ትመደብለታለች፤ ስሙን እየጠራች ታጫውተዋለች፣ የነገራትን አትረሳም። ሰባት ዓመት እስኪደፍን ድረስ እሷን ማጥፋት በሕግ ክልክል ነው። መጀመሪያ ሰሞን አስካለም እፎይ ብላ ነበር፤ ልጅቷ እዚያ ስትጫወት እሷ ሥራዋን ትጨርሳለች።

«ጥርስሽስ የት አለች?»

«እሷ የወረወረችው የጥርሴን ምስል ነው። እውነተኛዋን ቆሻሻ ውስጥ ጣያት አለችኝ።»

አስካለ እጇ እንደረጠበ ቴሌቪዥኑ ፊት ሄዳ ቆመች። ልትሰድባት ነበር አነሳሷ፤ ከአፏ የወጣው ግን ልመና ሆነ።

«እትዬ፣ ሁለተኛዋ ጥርስ ስትነቃነቅ እባክዎ ለኔም ይንገሩኝ።»

ብርቄ እንደ ወትሮዋ ፈገግ አለች። የጠየቀችው ግን ልጅቷን ነው። «ማህደርዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

ማህደር ትንሽ አሰበች።

«ፊቴን የምታጥበኝ ናት።»