ደህና የታየበት ሰዓት

ጋሽ ዋልልኝ ደብረ ታቦር ውስጥ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ድምፃቸው ከወፍጮው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ከጽጌረዳ ጓሮ በስተኋላ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ድምፅ አልባ ሆነው ወድቀው ተገኙ። አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። የግራ እጅጌያቸው ከክርን በላይ ተጠቅልሏል።

ያገኛቸው ባለ ባጃጁ ፋንታው ነው። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ሳይጨርስ ሚስታቸው እትዬ ማሬ ደረሱ። ቤታቸው ከዚያ ሩቅ ነው። ለባል ሲሆን እግር ይፈጥናል ተባለ። ነጠላቸው ላይ የአጋም እሾህ ተሰክቶ ነበር፤ በዚያ ድንጋጤ ማን ነጠላ ያያል? ሁሉም ያየው ሰውዬው የወደቁበትን ቦታ ነው።

ጽጌረዳ ከኩዌት ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ይዛ የመጣችው ብዙ ነው፤ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ትልቅ ፔርሙዝ፣ ስትጦራቸው የኖረችው የአሮጊቷ ልጆች የሰጧት የደም ግፊት መለኪያ፣ ሽቶ። ሰፈሩ ልብ ያለው ሽቶውን ብቻ ነው። እትዬ ማሬ ደግሞ ከሽቶው ተነስተው ብዙ ነገር ደርሰውበታል። ባለፈው ወር ገበያ መሃል አቁመው፣ «የባሌን ስም ስታነሺ ብሰማ ምላስሽን ነው የምነቅለው!» ብለዋታል። ጽጌረዳ ለዲያቆን ምሕረትአብ ታጭታለች። ዲያቆን የሚያገባው አንዴ ነው፤ ያውም መርጦ። ከዚያ ወዲህ የጋሽ ዋልልኝን ስም አላነሳችም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ግፊት ልትለካ መጣች። እጅጌ መጠቅለል አላስፈለጋትም፤ ተጠቅልሎ ጠበቃት። ቁጥሩን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ግፊት ነበረባቸው?» አለች ዶክተር ርብቃ።

«ግፊት? ባሌ ጤነኛ ነው!» አሉ እትዬ ማሬ። «ክኒን የሚባል ነገር የቤቴን ደጃፍ አልፎ አያውቅም።»

ዶክተሯ የጭንቅላታቸውን ሲቲ ስካን አይታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ኮሪደሩ በዘመድ ተሞልቷል።

«የአንጎላቸውን የደም ሥር የረጋ ደም ዘግቶታል። አዲስ አበባ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በደም ሥሩ ውስጥ እስከ ጭንቅላት አሳልፈው፣ የረጋውን በሽቦ መረብ ይዘው ጎትተው የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ። በጊዜ ከደረሱ ሊናገሩና ሊራመዱ ይችላሉ። ካልደረሱ እንዲህ እንዳሉ ሊቀሩ ነው።»

«በብሽሽት?» አሉ የጋሽ ዋልልኝ ታላቅ ወንድም አቶ ዘውገ። «ራሱን ለታመመ ሰው? ጉና ተራራን ለመውጣት በይፋግ ዙሩ ልትይን ነው?»

«ወንዛዬ ፍል ውሃ ብንዘፈዝፈውስ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ይሟሟ ይሆናል።»

«ጨው አይደለም» አለች ዶክተሯ፤ ስልኳንም ከፍ አድርጋ ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ውጭ አምቡላንሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ከባሕር ዳር በሚነሳው አውሮፕላን ቦታ ተይዟል።

«ማታ ራቱን በልቶ ተኛ» አሉ እትዬ ማሬ። «ጠዋት ኪዳን ሲሄድ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። እኔ አላየሁትም።»

ኪዳን ያደረሰ ሁሉ ተጠየቀ። ጋቢ የተከናነበ ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ ያየ ጠፋ።

«ከማታ ከተቆጠረማ እኛ ዘንድ ጊዜው አልፏል» አለ ሐኪሙ። «የሞተ አንጎል ላይ ደም መልቀቅ ነው፤ እንገድላቸዋለን። ዛሬ ጠዋት ሲናገሩ ወይም እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያየ ሰው ፈልጉ። ሰዓቱን ከነገራችሁኝ እቀበላለሁ።»

ፋንታው ባጃጁን አስነስቶ በረረ፤ ጽጌረዳን ይዞ ተመለሰ። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለላት፤ ለሙሽራ እንኳ እንዲያ አይከፈልም።

«ልጄ፣ ምንም አንልሽም» አሉ አቶ ዘውገ። «ጠዋት አንቺ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

ዲያቆን ምሕረትአብ በሩ አጠገብ የታጠፈ ጃንጥላውን ተደግፎ ቆሟል። ጽጌረዳ እሱን አየችው፤ ቀጥላም እትዬ ማሬን።

«አልመጡም። እሳቸው እኔ ዘንድ ምን አላቸው?»

«ተናገሪ እንጂ!» እትዬ ማሬ ደረታቸውን ደቁ። «የባሌን ነፍስ በእጅሽ ይዘሽ ዝም ትያለሽ? ደህና ነበር? ስንት ሰዓት ነበር? አንቺ ጨካኝ!»

«ጨካኝ!» አለ ኮሪደሩ።

«ኩዌት ልቧን እዚያው አስቀርቶ ነው የላካት» አለች አንዲት ዘመድ።

ዶክተር ርብቃ የጽጌረዳን እጅ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። ብዙ ለመነቻት። አምቡላንሱ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ጽጌረዳ ላቧን በሻርፗ ጠረገች።

«እሺ... በደጄ አልፈው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ» አለች። «ከጀርባቸው ነው። ደህና ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ሰዓቱንም ልብ አላልኩትም።»

«ከጀርባ አይበቃኝም» አለ ስልኩ። «አዝናለሁ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ ዋልልኝ ከአልጋቸው ላይ ሆነው አንድ ነገር ሊሉ ሞከሩ፤ ምራቅ ብቻ ወጣ። ዘመድ ሁሉ በጽጌረዳ ላይ ያጉረመርም ጀመር። እሷ አንገቷን ደፍታ ልትወጣ ስትል እትዬ ማሬ ሻርፗን ጨምድደው ያዟት።

«ከጀርባው? አንቺ ውሸታም! አራት ሰዓት ላይ መደብሽ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን ገልጦ ሰጥቶሽ፣ እየሳቀ ሲያወራሽ በአጥርሽ ቀዳዳ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼው የለም ወይ!»