የጎረቤት ስፒከሮች

ናዝራዊት ታማ በተኛችበት ክረምት ባሏ እምሩ የጎረቤቱን የየማነን በር ደጋግሞ አንኳኳ። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የማነ ሰው የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ነበሩት።

«የማነ፣ በእናትህ ቀንስልኝ። እንቅልፍ አጥታለች።»

«በገዛ ቤቴ ነው የምሰማው» አለ የማነ። በሩን ዘጋና ድምፁን ጨመረው።

ናዝራዊት ያንን ሙዚቃ እየሰማች ሞተች። የዕድሩ ዳኛ ቢቆጡት ለሠልስቱ ብቻ ዝም አለ፤ ከዚያ እንደገና ለቀቀው።

እምሩ አልተሳደበም። ለእህቱ ለአይናዲስ ብቻ «አንድ ቀን ጸጥታ ምን እንደሆነ አሳየዋለሁ» አላት።

እምሩ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ቴፕና ስፒከር ይጠግናል። በዓመቱ ከየማነ ስፒከሮች አንደኛው ይንጣጣ ጀመር። የማነ ምንም ሳያፍር ተሸክሞት መጣ።

አይናዲስ ምሳ ይዛ ስትደርስ ስፒከሩ ባንኮኒው ላይ ተጋድሟል።

«እግዜር እጅህ ላይ ጣለልህ» አለች። «አቃጥለው። አርጅቷል ብለህ ትመልስለታለህ፤ ማን ያውቅብሃል?»

እምሩ አላቃጠለውም። ውስጡ ድምፅ የሚያወጣውን የተቀደደ ወረቀት ቀየረ፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጠረገ፣ ራሱ ተሸክሞ ወሰደለት። እዚያው ቤቱ ቁጭ ብሎም መከረው። መስኮት ሥር አታስቀምጣቸው፤ ፀሐይ ያደርቃቸዋል። እርጥብ ጨርቅ አታስነካቸው። ስትወጣ ሸፍናቸው። ይኸ አምፕሊፋየር አቅም የለውም፤ ስታስጮኸው ድምፁ ይቀደዳል፣ ስፒከር የሚገድለውም እሱ ነው። ጠንከር ያለ ግዛ።

«ከዚያስ?» አለ የማነ።

«ድምፁ እስካልተቀደደ ድረስ ለስፒከሩ አትስጋ፤ የፈለግከውን ያህል ክፈተው። ደግሞ ከሩቅ አትስማ። ጠጋ ብለህ መሃላቸው ተቀመጥ፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።»

የማነ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ግድግዳው ይርገፈገፍ ጀመር። እምሩ ጆሮውን በጥጥ እየወተፈ ይተኛል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ብሩሹን ይዞ ጎራ ይልለታል።

አይናዲስ መጀመሪያ ተናደደች። «አንተ ሰው፣ ደም የለህም እንዴ?» ትለው ነበር። ኋላ ግን ፈራች። ስፒከሮቹ ጀርባ ገብቶ ገመድ ሲነካካ አየችውና፣ ሰውየውን ከነቤቱ ሊያቃጥለው ነው ብላ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ወንድሜ፣ በናዝራዊት ነፍስ ይዤሃለሁ፣ ተው!»

«እቴ፣ እነዚህ ስፒከሮች አንድ ነገር ቢሆኑ ከባለቤታቸው ይልቅ የማዝነው እኔ ነኝ» አላት።

ዓመታት አለፉ። የማነ ነጭናጫ ሆነ። ሰዎች ያንሾካሹኩብኛል እያለ ከሰፈሩ ሁሉ ተኳረፈ።

አንድ እሑድ ግቢው መሃል ቆሞ ጮኸ።

«ስፒከሮቼን ገደላቸው! ይኸ ሰው የሚያክማቸው መስሎ ቀስ በቀስ ገደላቸው! ድምፃቸው ከቀን ቀን እየሟሸሸ ሄዶ ይኸው ዛሬ ድርግም አለ!»

አይናዲስ ወንድሟን አየችው። ፊቱ በርቷል። «እሰይ፣ ተበቀለላት» አለች በልቧ።

«እኔ አላበላሸኋቸውም። ሌላ ባለሙያ ይያቸው» አለ እምሩ ለጎረቤቶቹ።

ሙደሲርን ጠሩት። አትክልት ተራ አካባቢ ስፒከር የሚጠግን፣ ለማንም የማያዳላ ሰው ነው። የስፒከሮቹን ጀርባ ፈታ። ወረቀታቸውን በጣቱ ዳሰሰ። ገመዱን ፈተሸ፣ አምፕሊፋየሩን አየ። ሁሉንም መልሶ አሰረና ሙዚቃ ከፈተ።

አይናዲስ ከግቢው በር ላይ ሆና የዘፈኑን ግጥም ቃል በቃል ሰማችው።

የማነ ስፒከሮቹ ፊት ተገትሮ ሙደሲር ላይ አፈጠጠ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው። «ክፈተዋ!»