የመጨረሻዋ የሰዓት ማስቆሚያ

ጭጋግ ባለበሰው የአምስተርዳም ሜዳ የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያው ሊያበቃ ጥቂት ሰከንዶች ቀርተውታል። አሠልጣኝ ወልደየስ ሰዓት የማስቆም አንድ ዕድል ነበራቸው፤ ሰዓቱ ሳያልቅ ለማሸነፊያዋ የግብ ምት እንዲደርሱ ቆጥበውታል።

ራስ ለራስ በብርቱ ተጋጭቶ የወደቀው ተጫዋቻቸው ኃይለመስቀል ተነሥቶ፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው እየተንሳፈፈ ወደ እርሳቸው መጣና እጅ ነሣ።

"እንዴት አደሩ ጋሼ? ልጆች ደህና ናቸው?"

ጠዋት ሰላም ተባብለው ነበር፤ አሁን ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

"እንዳያስቆሙ!" ረዳታቸው ጮኸ። "ዕድሏን አሁን ከጨረሷት ለምቷ አንደርስም፤ ከተሸነፍን ደግሞ እርስዎንም ያባርሩዎታል! ይመለስና ይጫወት!"

ወልደየስ እጆቻቸውን አጋጥመው ለዳኛው ምልክት ሰጡና ሰዓቱን አስቆሙ። የወጣቱንም የራስ ቁር በቀስታ አወለቁለት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ናቸው ልጄ። ና፣ ሐኪሙ እስኪያይህ አጠገቤ ተቀመጥ።"