መሃል ላይ የቆመችው

የፍሳሽ ዋሻው ጣሪያ ሲናድ፣ ድምፅ እየተቀባበሉ ወደ ውጭ ከሚያደርሱት ገመድ አልባ ሳጥኖች አንዱን ቀበረው። ቴክኒሻኗ ሌላ ሳጥን ይዛ ገባች፤ ከፍርስራሹ ወዲያ የቀረው ታናሽ ወንድሟ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሳጥኑን ከራሷ በላይ ስታነሳው መገናኘቱን የሚያሳየው መብራቱ በራ፤ ዝቅ ስታደርገው ጠፋ። መልሳ አነሳችው።

«ወደ ቀኝ ቆፍሩ!» አለ ወንድሟ በሬዲዮው። ከላይ የሚቆፍሩት ሰዎች የሚመሩት በእሱ ድምፅ ብቻ ነበር። «እትዬ፣ ውሃው ደረቴ ደረሰ።»

«አይዞህ የኔ ዓለም፣ አለሁ።»

ከፍርስራሹ ስንጥቅ ጭቃ የለበሱ ጣቶቹ ብቅ አሉ። «እጄን ያዢኝ» አላት። ወደ እሱ ተራመደች፤ መብራቱ ጠፋ። ደንግጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«አልችልም፣ የኔ ጌታ። ከዚህ ከተነቃነቅኩ አይሰሙህም።»

እንደ ሕፃን አለቀሰ። እያለቀሰም «አሁን ልክ ናችሁ፣ በርቱ» አላቸው።

ድንገት ጣቶቹ ከስንጥቁ ተሰወሩ።

«ማሙሽ!» ብላ ጮኸች። እግሯ ወደ ስንጥቁ ሊሮጥ አለ፤ ጥርሷን ነክሳ ባለችበት ቆመች፤ ምናልባት እንደገና ይናገር ይሆናል።

ከሳጥኑ የቆፋሪ ድምፅ መጣ፦ «ጎትተን አወጣነው! አንቺም ቶሎ ውጪ!»

ክንዷን ላውርድ ብትል እምቢ አላት።