ከማዕዱ ምንም አይወጣም

ረመዳን በገባ ቁጥር ሐጂ ሸውቂ ያደገበትን ሰፈር መንገድ በጠረጴዛ ሞልቶ ጾመኛውን ያስፈጥራል። ራሱ የሚኖረው ከአባይ ማዶ ነው፤ የሴራሚክ መደብሮቹ መላ ካይሮን አዳርሰዋል። «ሰፈሩን የረሳ ሀብታም ሌባ ነው» ይላል፣ ካሜራ ፊት። ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ ይባላል፤ የእሱን ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ማዕዱ ላይ የተቀመጠ ማንነቱ አይጠየቅም፤ እስኪጠግብ ይበላል። ክልክሉ አንድ ነው፤ ምግብ ይዞ መሄድ። አምና ይዘው ሄደው የሸጡ ነበሩ ተብሏል።

ድስት የምታጥበው ባልቴት ነዒማ የተያዘችው ረመዳን ሊወጣ ሲል ነው። አስተናባሪው ረጀብ፣ በየምሽቱ ምግብ በላስቲክ ቋጥራ በሻርፗ ሥር ደብቃ ትወጣለች ብሎ ነገረባት። ለምግብ ቤት ነው የምትሸጠው የሚል ወሬም ተጨመረ። ሐጂው ነጋዴ ነውና ወዲያው አመነ።

ተመጋቢው ለሐጂው ሀብት፣ ለልጆቹና ለእናቱ ዱዓ አድርጎ እንዳበቃ፣ ሐጂው ሰው ሁሉ እያየ ላስቲኩን አስፈታት። ሩዝና በጣት የደቀቀ ዶሮ ነበር።

«ለማን ነው?»

«ደረጃ መውረድ ላቃታቸው ሰው ነው፣ ሐጂ።»

«ስም የላቸውም?»

«እንዳልናገር በቁርዓን አስምለውኛል።»

ረጀብ ሳቀ። «ሌባ መሐላ መቼ ያጣል!»

ነዒማ ወደ ሐጂው ጠጋ አለች። «እኔን ያባርሩኝ፤ ይቺን ብቻ ላድርስ። ጎረቤት የጠገቡ እየመሰለው ዞር ብሎ አያያቸውም።»

«የራበው ራሱ ይምጣ። ማዕዴ ለሁሉም ክፍት ነው» አለና ምግቡን ለድመት አስደፋው። ሰውም አጨበጨበ፤ ያሳፍራል። ነዒማ ከዚያ በኋላ ወደ ማዕዱ እንዳትጠጋ ተከለከለች።

በዒድ ማለዳ የሐጂውን በር አንኳኳች። ልመና መጣች ብሎ ደስ አለው፤ እንግዶቹ እንዲያዩለትም ሳሎን ድረስ አስገባት። የዒድ ብስኩት የሞላበትን ሰሃን በገዛ እጁ አነሳላት።

«በይ ለሰውዬሽ ውሰጂላቸው» አላት። «በዒድ ቂም አይያዝም።»

ነዒማ እጇን አልዘረጋችም።

«አስከሬናቸው እየታጠበ ነው፣ ሐጂ፤ እናትዎን ከቀብር በፊት ማየት ከፈለጉ ይምጡ» አለች።