«በአግባቡ የተያዘ»

ሂላሪ ቶርንዳይክ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ወር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በግሪምስቢ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ለአረጋውያን ደብዳቤ በነፃ ትጽፍ ጀመር። ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ነበረች። የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ግን ያሳለፈችው በሽተኛ ሳይሆን ፋይል ስታይ ነው፤ መንግሥት የማንን የቤት ሕክምና እንደሚሸፍን፣ የማንን እንደሚያቋርጥ ትወስን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ዝናብ ያበሰበሳት አሮጊት በሩ ላይ የተለጠፈውን የበጎ ፈቃደኞች ስም ዝርዝር አንብባ ገባች። ከሂላሪ አጠገብ ያለው ሌላው በጎ ፈቃደኛ፣ ሚስተር ኦስጉድ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧልና «ወደዚህ ይምጡ» አላት።

«ግድ የለም፣ እሷን እጠብቃለሁ።»

ተራዋ ሲደርስ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሂላሪ ሳታነበው አወቀችው። ከግርጌው «ኤች. ቶርንዳይክ» ይላል።

ሴትዮዋ ማቪስ ክሪብ ትባላለች። ባሏ ሲሪል ዕድሜውን በዓሣ አስጋሪ መርከብ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ አሁን ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ አልጋ ላይ ጥሎት መዋጥ እንኳ አቅቶታል። ሁለት ነርሶች እየተመላለሱ ያግዟት ነበር። ያ ደብዳቤ ነርሶቹን አስቀረ። የመዋጥ ችግሩ «በአግባቡ የተያዘ» ስለሆነ ድጋፉ ተቋርጧል ይላል።

«በአግባቡ የያዝኩትማ እኔ ነኝ!» አለች ማቪስ። «ባሌ ታንቆ እንዳይሞት ስለጠበቅሁ ተቀጣሁ። ለመሆኑ ይህን የጻፈችው ሴትዮ ልብ ያላት ይመስልሻል? ቢኖራትም እንደ ዓሣ በረዶ ውስጥ ነው የምታኖረው።»

ሂላሪ የደብዳቤውን ግርጌ በመዳፏ ሸፈነች። ያን ፋይል በአርባ ደቂቃ ነበር የዘጋችው። ሲሪልን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

«ይግባኝ እንላለን» አለች።

ሲሪልን ትን ባለው ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን እንድትመዘግብ ነገረቻት። ማቪስ በየሳምንቱ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች፤ ሂላሪ ትጽፋለች፣ ትቀዳለች፣ እንደገና ትጽፋለች። የትኛው ቃል የትኛውን በር እንደሚከፍት ጠንቅቃ ታውቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን እራት አልወርድ ይላታል።

በአራተኛው ሳምንት ምግብ ሳንባው ገብቶ ሲሪል ሆስፒታል ተኛ። ማቪስ ዓይኗ ደም መስሎ መጣች።

«ያቺ ሴትዮ ግን እንቅልፍ ይወስዳታል?»

«አይወስዳትም» አለች ሂላሪ።

ማቪስ ቀና ብላ አየቻት። «እንግዲያው ጻፊ።»

ሂላሪ ያን ዕለት ለራሷ ቃል ገባች፦ ተረቱም ረቱም፣ ውሳኔው የመጣ ቀን እውነቱን ትነግራታለች። ትስደባት፣ ትትፋባት፣ የፈለገችውን ታድርግ።

ውሳኔው በሰኔ መጣ። ሲሪል ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ነርሶቹ ከሰኞ ጀምረው ይመጣሉ። ማቪስ የሎሚ ኬክ ጋግራ ይዛ መጣች። ሂላሪ ገና ከመቀመጧ እንባዋ መጣ።

«ወይዘሮ ማቪስ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ። ያን ደብዳቤ… ያን የመጀመሪያውን…»

ማቪስ ትልቁን ቁራሽ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።

«ብይ ልጄ፣ ቋጠሮን ካሰረው እጅ በላይ የሚፈታው የለም ብዬ እኮ ነው ያን ቀን አንቺን የጠበቅሁት።»