በለስላሳ ድምፅ

«ዋጪ! ዋጪ ነው የምልሽ፣ አንቺ ሴትዮ! ሾርባው እንኳ አንቺን ሲጠብቅ አረጀ እኮ!»

እማዬ በጎን ገላምጣኝ ዋጥ ታደርጋለች። ማንኪያውን መልሼ ስነክር ከኮሪደሩ የታናሽ እህቴ ድምፅ ይሰማኛል። ሚጢ ነው የምንላት፤ የሁለት ልጆች እናት ሆና እንኳ ሚጢ ናት። ትናንት ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። አሁን ከባሏ ጋር በስልክ እያወራች ነው፤ እኔ እንዳልሰማ ብላ እንግሊዝኛውን ትቀላቅላለች። ከመሃል አንዲት ቃል ሁለቴ ጆሮዬ ውስጥ ጥልቅ ትላለች፦ «ካለስ»።

ስልኩን ዘግታ ስትገባ እጠይቃታለሁ።

«ካለስ ምን ማለት ነው?»

ትደነግጣለች። «ምንም... ጠንካራ ማለት ነው፣ እትዬ።»

«ለጠንካራማ ድምፅ አይቀነስም። እስቲ ዓረፍተ ነገር ሥሪልኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ሚጢ ከልጅነቷም ውሸት አይሆንላትም፣ ጆሮዋ እየቀላ ያሳብቅባታል።

«የሰው ሕመም የማይሰማው... አንጀቱ የደነደነ፣ እንደዚያ ነው። ምን ላድርግ እትዬ? ስትጮሂባት ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ይዣት ልሂድ። እኔ ጋ የሚያባብላት ሰው አለ።»

«ለሰው ብቻ ነው የሚባለው ወይስ ለዕቃም ይሆናል?»

«እትዬ!»

«አይ፣ ልወቀው ብዬ ነው።»

ቀልዱ ከአፌ ይውጣ እንጂ ውስጤ አሯል። ስንት ዓመት ሙሉ አጥቤ፣ አልብሼ፣ ተነስታ እንዳትጠፋብኝ በሩ ሥር ተኝቼ፣ ለዚህ ሁሉ የተረፈኝ አንድ የፈረንጅ ቃል! ተነስቼ እንዳልጣላት እንኳ አቅሙ የለኝም። ማንኪያውን እዘረጋላታለሁ።

«እንቺ፣ አባብያት። ሐኪሙ ያለውን ግን እንዳትረሺ፤ መብላቱን እምቢ ካለች አስተኝተው በአፍንጫዋ ቱቦ ነው የሚከቱባት።»

ሚጢ ጠጋ ብላ የእማዬን ጉንጭ ትዳስሳለች። «እማዬ... የኔ እናት... ስለኔ ብለሽ አንዴ ብቻ። አይዞሽ፣ እሺ? እኔ አለሁልሽ።» ድምፅዋ እንደ ጥጥ ነው።

የእማዬ ፊት ይለዋወጣል። ሚጢን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ በሩን ታያለች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ፣ አይዞሽ...»

«አይዞሽ አትበይኝ! ማነው? አባታችሁ ነው አይደል? አባታችሁ ነው!»

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እማዬ ግን ትዝ የሚላት ሰው ሲለሰልስባት ነው፤ ትዝ ባላት ቁጥር ደግሞ ሐዘኑ አዲስ ነው። እኛ ቤት ፍቅርም የሚነገረው በቁጣ ነበር፤ እሷው ራሷ ናት እንዲያ አድርጋ ያሳደገችን። በለስላሳ ድምፅ የሚገባ ሰው መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ብቻ ነው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አባብላት ነበር። የአባቴን ሞት ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳረዳኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

እማዬ ደረቷን መምታት ትጀምራለች። ሾርባው አንሶላው ላይ ይፈሳል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

«ይዘሻት የምትሄጂ ከሆነ ልመጂው።»

ይህን ስል የእውነት አንጀቴ የደነደነ ይመስለኛል። ሚጢ እንባዋን በክንዷ ትጠርግና ትነሳለች።

«አንቺ ሴትዮ!» ትጮሃለች። «ማንም አልሞተም! ባልሽ ሥራ ላይ ነው! አሁን ይሄን ካልጠጣሽ አናትሽ ላይ ነው የምደፋው!»

ድምፅዋ መሃል ላይ ይሰበራል እንጂ ቁርጥ የእማዬ ቁጣ ነው። እማዬ እጇን ታወርዳለች።

«ባለጌ! ማን ነው ያሳደገሽ?» ትልና አፏን ትከፍታለች።

ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ሚጢ እያለቀሰች ትሳደባለች፣ እየተሳደበች ታጎርሳለች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አያለሁ። ዓይኔ እየተከደነ ያስቸግረኛል።

እማዬ ሸለብ ሲያደርጋት ሚጢ አፏን ጠርጋላት፣ ብርድ ልብሱን አስተካክላ ወደ እኔ ትመጣለች። የያዝኩትን እርጥብ ጨርቅ ከእጄ ትወስዳለች። እማዬን ይዛ ስለ መሄድ አታነሳም። መዳፏን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች።

«እትዬ፣» ትላለች ቀስ ብላ፣ በዚያው ጥጥ በመሰለው ድምፅዋ። «ሂጂ ተኚ። እኔ አለሁልሽ።»

እሷን፣ ቀጥሎ እማዬን፣ ቀጥሎ በሩን አያለሁ።

«ማን ሞተ?» እላታለሁ።